«ቃራሚዎቹ»ን ስታዩ መጀመሪያ ፈረሰኛውን ፈልጉ

ሥዕል ለማስተምራቸው ልጆች የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የዣን ፍራንሷ ሚሌን «ቃራሚዎቹ» የተባለ ሥዕል በስልክ ሳሳያቸው፣ የሁሉም ዓይን ጎንበስ ባሉት ሦስት ሴቶች ላይ ያርፋል። «ያሳዝናሉ» ይሉና ያልፋሉ። ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር የሰው ማሳ ላይ ከአጨዳ የተረፈ ዛላ ስለቃረምኩ፣ እንዲህ በቶሎ ሲታለፉ ይቆጨኛል። ስለዚህ እንዲህ አሠራቸዋለሁ፤ እናንተም ሞክሩት።

ሴቶቹን በወረቀት ሸፍኑና ላይኛውን ክፍል ብቻ አስቀሩ። ጥጋብ ነው የሚታያችሁ፦ እንደ ቤት የገዘፉ ክምሮች፣ ነዶ የተጫነበት ጋሪ፣ ፋታ ያጡ አጫጆች፣ ወርቅ የመሰለ ብርሃን። ምስሉን አጉሉና ወደ ቀኝ ሂዱ። ፈረስ ላይ የተቀመጠ ትንሽዬ ሰው አለ፤ የአጨዳው ተቆጣጣሪ ነው። እሱን ሳታገኙ ወረቀቱን አታንሱ።

አሁን አንሱት። ከፈረሰኛው እስከ ሴቶቹ ያለውን ባዶ ማሳ በዓይናችሁ ተሻገሩት። ከዚያ የአድማሱን መስመር በጣታችሁ ተከተሉ። ጎንበስ ያሉት ሁለቱ ከመስመሩ በታች ቀርተዋል፤ ሦስተኛዋ ቀና ልትል ስትል ገና ወደ መስመሩ ትጠጋለች። ሚሌ ሴቶቹን አግዝፎ ከፊት አምጥቷቸዋል፤ ከመሬቱ ግን አላላቀቃቸውም።

እጆቻቸው ላይ ቆዩ። እኔ ረጅሙን ጊዜ የማሳልፈው እዚህ ነው። በግራ በኩል ያለችው፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረችው፣ በአንድ እጇ ዛላ ትለቅማለች፤ ሌላው እጇ የለቀመችውን ይዞ ወደ ጀርባዋ ታጥፏል። እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ወገብ ሲቆረጥም እጅ ሳይጠሩት ወደዚያ ይሄዳል። ካላመናችሁ ተነሱና እንደ እሷ ጎንበስ ብላችሁ ሁለት ደቂቃ ቆዩ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ እዩዋት። በእጇ ያለውን ጭብጥ ዛላ ከኋላ ካለው ክምር ጋር አስተያዩት። የመደብ ልዩነት የሚባለው ነገር እዚህ ሥዕል ላይ በእህል ተለክቶ ተቀምጧል።

ቀጥሎ የሚሌን ሌላ ሥዕል ከጎኑ አድርጉ። በ1853 እ.ኤ.አ. ሳሎን ለሚባለው የፓሪስ ትልቅ የሥዕል ትርኢት ያቀረበው፣ አሁን ቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለው «አጫጆች ሲያርፉ» መነሻው ሩትና ቦዔዝ ናቸው። መጽሐፈ ሩትን የምታውቁ ታሪኩን ታስታውሳላችሁ፤ ባለማሳው ቦዔዝ ለምትቃርመው ሩት ከነዶው እያወጡ እንዲተዉላት አጫጆቹን ያዝዛል። በሥዕሉ ባለማሳው ራሱ ቃራሚዋን ምግብ እየበሉ ወዳሉት አጫጆች ያቀርባታል። «ቃራሚዎቹ» በ1857 ሲቀርብ ግን ቦዔዝ የለም። ያለው ፈረሰኛው ነው፤ እሱም ሩቅ ነው። የ1848ቱ የፈረንሳይ አብዮት ካለፈ ገና 9 ዓመቱ ነበርና፣ ከፓሪስ ሃያስያን አንዳንዶቹ በእነዚህ ሴቶች ውስጥ የአመፅ ስጋት ታያቸው። ሸራው ቁመቱ 84፣ ወርዱ 110 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል።

ብሩሽ ለመያዝ የምትፈልጉ፣ ቀለም ከመንካታችሁ በፊት ሦስቱን ጀርባዎች ብቻ በእርሳስ ንደፉ። ፊታቸውን ተዉት፤ ሚሌም ቢሆን ፊታቸውን በጥላ ጋርዶታል።

ዓይናችሁ ከለመደ በኋላ የሌላውን ፈረንሳዊ ሠዓሊ የኦኖሬ ዶሚዬን የባቡር ሥዕሎች እዩ። በ1864 የአንደኛ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎችን በውኃ ቀለም ለየብቻ ሠርቷቸዋል፤ ሦስቱም ባልቲሞር ዋልተርስ ሙዚየም ናቸው። በየፉርጎው ማን ከማን ጋር ተጠጋግቶ እንደተቀመጠ ብቻ ተመልከቱ።

ከበድ ያለው መልመጃ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የጉስታቭ ኩርቤ «የመንደሩ ወይዛዝርት» ነው፤ ለ1852 ሳሎን የቀረበ፣ አሁን ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለ። የሠዓሊው ሦስት እህቶች ኦርናን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ አቅራቢያ መስክ ላይ ቆመው፣ አንዷ ለከብት ጠባቂ ልጅ ምጽዋት ትሰጣለች። እዚህ የሚሻገሩት ማሳ የለም፤ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ናቸው። በመጀመሪያ በእጆቻቸው መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፤ ከዚያ ጃንጥላውን ማን እንደያዘ እዩ።