ቅዳሴ እንዴት እናስቀድስ? በአካል ስንሄድም፣ በስልክ ስንከታተልም

ቅዳሴ የካህናት ሥራ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እነሱ ያዜማሉ፣ እኛ ከኋላ ቆመን እንሰማለን፣ ሲያልቅ ተሳልመን ወደ ቤት። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። መጽሐፈ ቅዳሴውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.»፣ «ይ.ሕ.» የሚሉ አጫጭር ምልክቶች አሉ፤ ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ ማለት ነው። ሦስተኛው እኛ ነን። እኛ ዝም ካልን የእኛ ተራ ባዶውን ይቀራል።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁም ሆነ በስልክ ስትከታተሉ ዋናው ጉዳይ አንድ ነው፤ ተራችሁ ሲደርስ መመለስ። ከታች ያለው ሁሉ ለዚህ የሚያዘጋጅ ነው።

መጀመሪያ፦ ከዋዜማው ተዘጋጁ

የአጥቢያችሁን ሰዓት ጠይቁ። እሑድ በብዙ ቦታ ከቅዳሴ በፊት የሚቀድመው ጸሎት፣ ኪዳን፣ ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ይደርስና ቅዳሴው ንጋት ላይ ይቀጥላል። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ግን ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ሄዳችሁ «የለም እንዴ?» እንዳትሉ።

ለመቁረብ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ጾሙ 18 ሰዓት ነው። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ምንም አይቀምስም ማለት ነው። የማትቆርቡም ብትሆኑ በልታችሁ ባትሄዱ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ፦ ተሰጥኦውን አጥኑ

ተሰጥኦ ማለት ሕዝቡ ለካህኑና ለዲያቆኑ የሚመልሰው መልስ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንዘለው ይሄንን ነው። «ግእዝ አላውቅም» ብላችሁ አትሽሹ፤ ተሰጥኦ ለመመለስ ግእዝ መማር አይጠበቅባችሁም። ደጋግመው የሚመጡት መልሶች ጥቂት ናቸው፣ አብዛኛው መጽሐፈ ቅዳሴም ግእዙን ከአማርኛው ጎን ለጎን ያትማል።

በእነዚህ ጀምሩ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይላል፤ ለጸሎት ተነሡ ተብለን አቤቱ ይቅር በለን እያልን ነው። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል መልሱ «ምስለ መንፈስከ» ነው። እነዚህን ሁለቱን ብቻ የያዘ ሰው ቅዳሴው ውስጥ ገብቷል።

ከዚያ ወደ ፍሬ ቅዳሴው፣ ማለትም ወደ ቅዳሴው ዋና ክፍል፣ መግቢያ እለፉ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን በጣም የሚይዘኝ ቦታ ነው። ካህኑ «አእኵትዎ ለአምላክነ» ይላል፣ አምላካችንን አመስግኑት። ሕዝቡ «ርቱዕ ይደሉ»፣ እውነት ነው ይገባዋል። ወዲያው «አልዕሉ አልባቢክሙ» ይላል፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ። መልሳችን «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ነው፤ ልባችን በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለ እያልን ነው። ልባችን ገበያ ወይም ቢሮ ሄዶ ከሆነ አፋችን ምን እያለ እንደሆነ አስቡት። ትንሽ ቆይቶ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፣ ከዚያም «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ይላል። የተቀመጣችሁ ተነሡ፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። በዚህ ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ ያለ ሰው እንኳ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍሬ ቅዳሴው በየጊዜው ይለያያል፤ ቤተ ክርስቲያኗ የምትጠቀምባቸው 14 ቅዳሴያት አሉ፣ ቅዳሴ ሐዋርያት፣ ቅዳሴ እግዚእ፣ ቅዳሴ ማርያም እያለ ይቀጥላል። የትኛው እንደሚቀደስ ካላወቃችሁ መጽሐፉን ስታገላብጡ ጸሎቱ ያልፋችኋል። ቀድማችሁ ከዲያቆናቱ አንዱን ጠይቁ። የዕለቱን ምንባባትና ምስባክ (ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ) ደግሞ የየዕለቱን ንባብ ከሚዘረዝረው መጽሐፍ፣ ከግጻዌ፣ ታገኛላችሁ።

በአካል ስትሄዱ

ኪዳን ላይ ድረሱ። ነጠላ መስቀለኛ ለብሳችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ ግቡ። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ይቆማሉ፤ ወደ ምሥራቅ ፊታችሁን ስታዞሩ ግራው የወንዶች ነው። ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ ሳይታመሙ ወይም ሳይቸገሩ አቋርጦ መውጣት የለም። ዲያቆኑ መጨረሻ ላይ «እትዉ በሰላም» እስኪል ጠብቁ። ረጅም ነው፣ እግር ይደክማል። አቅም የሌለው ሰው ይቀመጥ፣ ማንም አይፈርድበትም። ስልክ? አጥፉት። ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ከሰው ፊት አትቁሙ፣ እባካችሁ።

በስልክ ስትከታተሉ

በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ብዙ ምእመን ቅዳሴን በቴሌቪዥንና በስልክ መከታተል ለመደ። ለአንዳንዱ ያ ጊዜ አልፏል። ለብዙ ሰው ግን አላለፈም። የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናት አለች፤ ሌሊት ተረኛ የሆነ ነርስ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት የምትሠራ እህት አለች።

ሰዓቱን አስተካክሉ። ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት፣ ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን ላሉ ግን አዲስ አበባ እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ ገና ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ በበጋቸው 5 ሰዓት፣ በክረምታቸው 4 ሰዓት። ከተቻለ ቀጥታ ሥርጭቱን ምረጡ፤ በዚያች ሰዓት ቆሞ ከሚጸልይ ሕዝብ ጋር አብራችሁ ናችሁና። ካልተቻለ የተቀዳውንም ቢሆን አታቋርጡት፣ ወደፊትም አታሳልፉት።

ስልኩን ከአልጋ አርቁት። ወደ ምሥራቅ በኩል መደርደሪያ ላይ አቁሙት፤ አቅጣጫው ከጠፋችሁ ኮምፓሱ ስልኩ ውስጥ አለ። የሌላውን መተግበሪያ ማሳወቂያ ዝጉ። ነጠላችሁን ልበሱ፣ ጫማ አውልቁ፣ ቁሙ። እንደ ኳስ ጨዋታ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በቡና የሚታይ ነገር አይደለም። ከዚያ ድምፅ አውጥታችሁ መልሱ። መጀመሪያ ብቻችሁን ክፍል ውስጥ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ማለት ያሳፍር ይሆናል፤ ሦስተኛው ላይ ይለቃችኋል። አሠሪዎች የሚሰሙባችሁ ከሆነ በከንፈራችሁ በሉት፣ ሳህን እያጠባችሁ በአንድ ጆሮ እየሰማችሁም ይሁን። ሥርጭቱ ስር «አሜን» እያሉ መጻፍ ግን ከጸሎቱ ያወጣል፤ እጃችሁን ከስልኩ አንሱ።

ኢንተርኔቱ ከተቆረጠ አትበሳጩ። መጽሐፉ እጃችሁ ላይ ካለ ከቆመበት አንብቡ፣ ከሌለ አቡነ ዘበሰማያት እያላችሁ ጠብቁ። የካርድ ገንዘብ ለሚከብደው ድምፅ ብቻ መስማትም ይበቃል።

ስልክ የማይሰጠው ነገር አለ። ቁርባን በስልክ የለም። ዳቦና ወይን ስክሪን ፊት ማስቀመጥም በእኛ ሥርዓት የለም። ስለዚህ ደጁ ላይ ቤተ ክርስቲያን እያለው፣ ጤናም ጊዜም እያለው፣ «በስልክ አስቀድሻለሁ» የሚል ሰው ከሪያዷ እህት ጋር ራሱን አያወዳድር። ይሄን በግልጽ መባባል አለብን።

መሄድ የማትችሉት ደግሞ ንስሐ አባት ያዙ፣ በስልክም ቢሆን ምክራቸውን ጠይቁ። ዕረፍት ወጥታችሁ አገር የምትገቡበትን ወይም ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ከተማ የምትሄዱበትን ቀን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ለንስሐና ለቁርባን ዝግጅት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በማግስቱ የሚሆን ነገር አይደለም።