ልጆችን ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ ማንሳት፦ ፎቶው ሲበላሽ ምን እንዳበላሸው ለማወቅ

ሐዋሳ ውስጥ የልጆች ልደት እየዞርኩ ሳነሳ ወላጆች ስልካቸውን አውጥተው «ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የስልኩ ሳይሆን ልጁ የቆመበት ቦታ ነው። ፍላሽ አልመክርም፤ ፊቱን ወረቀት ያስመስለዋል፣ አንዴ የበረቀበት ልጅ ደግሞ ካሜራ ባየ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል።

ፎቶው ብዥ ብሏል

መጀመሪያ ብዥ ያለው ምን እንደሆነ ለዩ። ከኋላ ያለው ሶፋ ጥርት ብሎ ልጁ ብቻ ከተሳበ (ተጎትቶ የተዘረጋ ከመሰለ)፣ የተንቀሳቀሰው ልጁ ነው። ሶፋውም ግድግዳውም አብረው ከተሳቡ የተንቀጠቀጠው እጃችሁ ነው፤ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አጣብቁ ወይም በሩን ተደገፉ። ሶፋው ጥርት ብሎ ልጁ ሳይሳብ ከደበዘዘ ግን ፎከሱ አልፎት ሄዷል፤ ዓይኑ ላይ አድርጉት።

የልጁ መሳብ ምክንያቱ የሹተሩ (ብርሃን አስገብቶ የሚዘጋው የካሜራው በር) መዘግየት ነው። ጨለም ባለ ሳሎን ውስጥ አውቶ ላይ ያለ ካሜራ ወደ 1/30 ሰከንድ ሊወርድ ይችላል፤ ለልጅ እጅ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። ለሚጫወት ልጅ 1/250፣ ቁጭ ላለ 1/125 ያዙ። ሌንሱን እስከቻለው ክፈቱት፤ ለዚህ ሥራ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የሆነች ትንሽ ሌንስ ብዙ ታግዛለች (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፍቶ ይከፈታል)። ካልበቃ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ወደ 1600 ወይም 3200 ውሰዱት። ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል ብላችሁ አትፍሩ፤ አሸዋው ይለመዳል፣ የተሳበ ፊት ግን አይመለስም። ስልክ ላይ የማታ ሞዱን አጥፉ፤ ብዙ ፎቶ አከታትሎ አንስቶ ስለሚያዋህድ ለሚሮጥ ልጅ አይሆንም።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የረዳኝ ልጁን ሥራ ማስያዝ ነው። «ቁጭ በል፣ ሳቅ» ቢሉት እሺ የማይል የአራት ዓመት ልጅ ነበር። መስኮት ሥር በርጩማ ላይ አስቀምጬ ብርቱካን ሰጠሁት። አውራ ጣቱን ልጣጩ ውስጥ ሰክቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ሲታገል በ1/125 አንድም ፎቶ አልተሳበብኝም።

ፊቱ ጠቁሮ መስኮቱ ነጥቷል

ካሜራው የመስኮቱን ብርሃን አይቶ ሁሉንም አጨልሞታል። ልጁን ወደ መስኮቱ አዙሩት፣ እናንተ በመስኮቱ ጎን ቁሙ። አንድ ሜትር ያህል ቢርቅ በቂ ነው፤ መስኮቱ ትንሽ ሲሆን ርቀቱ እጥፍ ባደገ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ልጁ የሀበሻ ልብስ ከለበሰም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል፦ ካሜራው ነጩን ሊያደበዝዝ ሲል ፊቱንም ያጠቁረዋል። ስልክ ላይ ፊቱን ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ላይ ሳቡት፤ ካሜራ ላይ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በ1 ከፍ አድርጉ።

አንዱ ጉንጭ ብቻ ከጠቆረ ነጭ ነጠላ በቂ ነው። አንድ ሰው በጠቆረው ጎን ዘርግቶ ይያዘው፤ የመስኮቱን ብርሃን ይመልስላችኋል። የጥበቡ ቀለም ፊቱ ላይ እንዳያርፍ ጥለቱን ወደ ሌላ በኩል አድርጉት።

ፀሐይ በቀጥታ ገብታ ፊቱ ላይ ስለታም ጥላ ከጣለች ስስ መጋረጃ ሳቡ፣ ወይም ወደ ሌላ መስኮት ሂዱ። እዚህ ሐዋሳ በሰኔ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በክረምት ለስላሳ ብርሃን የሰጣችሁን መስኮት በበጋ እዚያው አገኘዋለሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

ቀለሙ የሰው አይመስልም

አንድ ቤት ገብቼ አምፖሉን ሳጠፋ የልጅቷ አያት ደነገጡ። «መብራት አጥፍቶ ፎቶ አለ እንዴ ልጄ?» «እማማ፣ አንዴ ይዩልኝ» አልኩና ሁለቱን አሳየኋቸው። አምፖሉ በርቶ በተነሳው አንዱ ጉንጭ ብርቱካን፣ ሌላው ሰማያዊ ነበር፤ ጠፍቶ በተነሳው ጠይም መልኳ ራሱ ወጥቷል። የመስኮት ብርሃን ወደ 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ብርቱካን ይሄዳል)፣ ሞቅ ያለ አምፖል ግን ወደ 2700 ይጠጋል። ኋይት ባላንስ (ካሜራው ነጩ ነጭ እንዲሆን ቀለም የሚያስተካክልበት) አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

መብራት ሳይበራ ፊቱ አረንጓዴ ከሆነ ግድግዳውን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ በረንዳው ላይ የተወጠረውን ሸራ እዩ፤ ብርሃኑ በሸራው አልፎ ሲገባ ቤቱ በሙሉ ሰማያዊ ይሆናል። ይህን አፕሊኬሽን ላይ ከማሸት ልጁን ሁለት ሜትር ማንቀሳቀስ ይቀላል።

ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች አሉ

የኤሌክትሪካችን ሞገድ 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ሹተሩን 1/100 አድርጉ። ለሚሮጥ ልጅ ካልበቃ መብራቱን አጥፉና ወደ መስኮት።

ወንድሟ ጥርት ብሎ እህቱ ደብዝዛለች

ኤፍ 1.8 ላይ ጥርት የሚለው ቦታ ቀጭን ነው፤ ከቅርብ ስታነሱ ጣት የማይሞላ ልዩነት ይበቃዋል። ሁለቱን ከእናንተ እኩል ርቀት ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ አድርጓቸውና ወደ ኤፍ 2.8 ዝጉት። ታናሽየዋ ወደ ኋላ ሸሸት ካለች ፎከሱን እሷ ላይ አድርጉ፤ ታላቁ መጠበቅ ይችላል።