ለኮምቢ ሞተር ካርቡሬተር ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስዋገን ኮምቢ ሞተር ሲታደስ ገንዘቡም ጭንቀቱም ፒስተንና ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) ላይ ያልቃል። ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው የካርቡሬተር ተራ ሲደርስ የተገኘው ይገጠማል። የታደሰን ሞተር ነዳጅ ጠጪና ሰነፍ የሚያደርገው፣ ሲብስም ቫልቭ የሚያቃጥለው ግን ይሄ ምርጫ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ትልቁን መፈለግ ነው። የ1600 ሲሲ ሞተር ከ50 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይርቅም። አልጋ፣ ምድጃና ውሃ የጫነ ኮምቢ ዳገት ላይ የሚፈልገው ደግሞ ሞተሩ ሳይጮህ የሚገኝ ጉልበት ነው። የካርቡሬተሩ ጉሮሮ ከልክ በላይ ሲሰፋ አየሩ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ቤንዚኑም በደንብ ሳይበተን ይገባል። ነዳጅ ሲሰጡት ይታነቃል። ዌበር 40 አይዲኤፍ የተባለውን ካርቡሬተር በጥንድ የሚገዛ ሰው ላዩ ላይ ያለውን 40 ብቻ አይይ፤ የውስጡን የቬንቱሪ (የጠበበው የአየር ጉሮሮ) ስፋት ይጠይቅ። ለ1600 ሞተር 28 ሚሊሜትር ይበቃል።

ሁለተኛው ማሞቂያውን መርሳት ነው። ሞተሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ መሃል ላይ የተቀመጠ ካርቡሬተር ከሲሊንደሮቹ ይርቃል። ቱቦው ከቀዘቀዘ ቤንዚኑ ግድግዳው ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ፋብሪካው ከሥሩ የጭስ ሙቀት የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ የሠራው። ሞተሩ ወርዶ ሳለ ይህ ቱቦ በጥላሸት ተደፍኖ እንደሆነ ካልታየ፣ ወይም ማሞቂያውን የማይቀበል ማርሚታ ከተገጠመ፣ በሐምሌ ጠዋት የትኛውም ካርቡሬተር ያስቸግራል።

ጥንድ ካርቡሬተር የመረጠ ሰው ሁለቱ እኩል እንዲከፈቱ የሚያደርገውን ማገናኛ ዘንግ በርካሽ አይግዛ። ኮምቢው የፍሬን ማገዣ ሰርቮ ካለውም የቫኩም (የሞተሩ መምጠጥ) መስመሩ ከየት እንደሚወጣ ከመግዛቱ በፊት ይወቅ።

ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተርም መዘንጋት የለበትም። ሶሌክስ 34 ፒክት-3 የተባለው ካርቡሬተር የተሠራው የእሳቱን ጊዜ በቫኩም ከሚያስተካክል ዲስትሪቢውተር ጋር እንዲሄድ ነው። ቫኩም የሌለውን 009 የተባለ ዲስትሪቢውተር ገጥመው መኪናው ሲነሳ የሚደነቃቀፍ ሞተር ይዘው ካርቡሬተር ደጋግመው የሚቀይሩ ብዙ ናቸው። ጥፋቱ የካርቡሬተሩ አይደለም።

አሮጌ ሶሌክስ ሲገዙ የስሮትሉን (የአየር መክፈቻ በሩን) ዘንግ በጣት ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙት። ከተንገጫገጨ በዚያ በኩል አየር ይስባል፤ ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳይሰጡት መዞሩ) መቼም አይረጋም። ቢሆንም ቡሽ (የዘንጉ ማቀፊያ ቀለበት) ገብቶለት የታደሰ የጀርመን ሶሌክስ ከብዙ አዲስ ቅጂ ይሻላል ባይ ነኝ።

እኛ ዘንድ ከሁሉም በላይ የሚረሳው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻ 20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ከውጭ የመጣው ካርቡሬተር የቤንዚን ቀዳዳ፣ ማለትም ዋናው ጄት፣ ለዚህ አየር ይበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ የበዛው ቤንዚንም የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል። ጄቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 127.5 ማለት 1.275 ሚሊሜትር ነው። 127.5 ይዞ ለመጣ 34 ፒክት-3 አዲስ አበባ ላይ 120 አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ካንዴላውን እያወጡ ማየት ነው፤ ፈካ ያለ ቡናማ ሲሆን ደርሰዋል።

ተቃራኒው ግን የባሰ ነው። ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ሞተር 1,000 ሜትር አካባቢ ወዳለችው አዋሽ ሲወርድ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፤ ይህ ሞተር ደግሞ ግለቱን የሚያሳይ ጌጅ ዳሽቦርዱ ላይ የለውም። ስለዚህ ትልቁን ጄት ይዘው ይውረዱ። በ34 ፒክት-3 ላይ ዋናው ጄት ከቤንዚን ቋቱ ጎን ካለው ብሎን ጀርባ ስለሆነ ካርቡሬተሩ ሳይወርድ ይቀየራል። ብሎኑ ሲፈታ ቤንዚን ስለሚፈስ ግን ሞተሩ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፤ ከሥሩም ጨርቅ ይያዝ።