የቡድን መመረቂያ ጽሑፍን በጊት መያዝ

ጊት የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ለውጥን የሚያነጻጽረው መስመር በመስመር ስለሆነ፣ ሪፖ (ፋይሎቹና ታሪካቸው የሚቀመጡበት ማኅደር) ከመክፈታችሁ በፊት ጽሑፉን አዘጋጁለት። በላቴክስ (ተራ የጽሑፍ ፋይልን ወደ ተቀናበረ ሰነድ የሚለውጥ ፕሮግራም) የምትጽፉ ከሆነ እያንዳንዱ ምዕራፍ የራሱ ፋይል ይኑረው፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገርም በአዲስ መስመር ይጀምር። አንቀጹ አንድ ረጅም መስመር ከሆነ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ስትታረም አንቀጹ በሙሉ የተለወጠ ይመስላል፤ አንዱ ኮምቦልቻ ግቢ፣ ሌላው ደሴ ሆኖ ሲነካውም ይጋጫል። የዎርድ ፋይልን ጊት ታሪኩን ይይዝላችኋል እንጂ የሁለት ሰው እርማት አያዋህድም። ስለዚህ ተራ ያዙ።

ጊትሃብ (የጊት ሪፖ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ሪፖውን «ፕራይቬት» አድርጋችሁ ክፈቱና አባላቱን ጋብዙ። ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) ፑሽ ስታደርጉ፣ ማለትም ሥራችሁን ወደ ጊትሃብ ስትልኩ፣ የአካውንታችሁን ፓስዎርድ አይቀበልም፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ቀርቷል። በምትኩ ከሴቲንግ ቶክን (በፓስዎርድ ቦታ የሚገባ ረጅም ኮድ) አውጡ።

ከመጀመሪያው ኮሚት (ለውጥን ከአጭር መልእክት ጋር በታሪኩ ውስጥ መመዝገብ) በፊት የጊትኢግኖር ፋይል፣ ማለትም ጊት እንዲተዋቸው የምትፈልጓቸው ፋይሎች ዝርዝር፣ ይዘጋጅ። ላቴክስ የሚያመነጫቸውን የሎግና የማውጫ ፋይሎች፣ ዎርድ ሲከፈት የሚፈጠሩትን ጊዜያዊ ፋይሎች እዚያ መዝግቡ። ኖትፓድ ከዚህ ፋይል ስም መጨረሻ «ቲኤክስቲ» ይቀጥልበታል፤ ያኔ ጊት አያየውም፣ እናንተም ለምን እንደማይሠራ ግራ ይገባችኋል። የቃለ መጠይቅ ድምፅ ጭራሽ አታስገቡ። ጊትሃብ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ በቀጣዩ ኮሚት ብታጠፉትም ታሪኩ ውስጥ ስላለ ፑሹ እንደገና ይመለሳል። የመላሾች ስምና ስልክም እንዲሁ ታሪክ ውስጥ ይቀራል።

በየቀኑ መጀመሪያ ፑል (የጓደኞቻችሁን አዲስ ሥራ ከሪፖው ማውረድ)፣ ከዚያ ጽሑፍ፣ ከዚያ ኮሚት። ኮሚት ኔት አይፈልግም፤ ኔት ቢጠፋም በየክፍሉ ኮሚት እያደረጋችሁ ቆዩና ዋይፋይ ስታገኙ ፑሽ አድርጉ። መልእክቱ «አፕዴት» ሳይሆን «ምዕራፍ 3፦ የናሙና አመራረጥ ታረመ» ይሁን። ከወር በኋላ የምትፈልጉት በዚህ ነው።

ፑሹ በትልቅ ፋይል ምክንያት ሳይሆን ከተመለሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጓደኛችሁ ቀድሟችኋል ማለት ነው። «ፎርስ» (በግድ ላክ) አትበሉ፤ የእሱን ሥራ ከሪፖው ላይ ያጠፋዋል። ፑል አድርጉ። ግጭት ካለ ፋይሉ ውስጥ ሁለቱ ጽሑፎች በእኩል ይሆናል ምልክቶች ተለይተው ይታያሉ፦ ላይኛው የእናንተ፣ ታችኛው የእሱ ነው። ትክክለኛውን አስቀሩ፣ ሦስቱንም የምልክት መስመሮች (የላዩን፣ የመሃሉንና የታቹን) አጥፉ፣ ፋይሉን «አድ» (ለኮሚት አዘጋጅ) ብላችሁ ኮሚት አድርጉ። ሪቤዝ (የእናንተን ኮሚቶች ከጓደኛችሁ ኮሚቶች በኋላ መልሶ የሚደረድር ትእዛዝ) የምትጠቀሙ ከሆነ ላይና ታቹ ይገለበጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዳታ ለሚቸግራችሁ፣ ፍላሽ ላይ «ጊት ኢኒት»ን (አዲስ ሪፖ የሚከፍተውን ትእዛዝ) በ«ቤር» አማራጭ (ታሪኩን ብቻ የሚይዝ፣ የሚጻፍበት ፋይል የሌለው) ከፍታችሁ እንደ ጋራ ሪፖ መጠቀም ይቻላል። ፒያሳ ለፕሪንት የምትሰጡት ፍላሽ ግን አይሁን፤ ቫይረስ ይዞ ይመጣል።

ለአማካሪ ያስረከባችሁትን ቅጂ ታግ (በአንድ ኮሚት ላይ የሚለጠፍ ስም) አድርጉበት። አስተያየቱ ሲመለስ ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን በ«ጊት ዲፍ» ታወጣላችሁ። ታግ በተራ ፑሽ አይሄድም፤ ለብቻው ላኩት።