ሁለት ጣት አልሠራ ሲል፦ በሊኑክስ ላፕቶፕ ታችፓድ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ይዘው ወደ ጠጋኝ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት «ፎርማት ይደረግ» የሚል መልስ ነው። ታችፓዱ (ጠቋሚውን በጣት የምናንቀሳቅስበት ሰሌዳ) በሁለት ጣት ገጽ አላወርድ ስላለ ብቻ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ተጠርጎ ሲጠፋ ማየት ያንገበግባል፤ በዚያ ላይ ታችፓዱ ከፎርማት በኋላም ያው ነው።

ሳይመረምሩ ፎርማት ማድረግ። የጣትዎ ምልክት ከታችፓዱ ወደ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት)፣ ከዚያ የጣት እንቅስቃሴን ወደሚተረጉመው ሊብኢንፑት ወደሚባለው ክፍል፣ በመጨረሻም መስኮቶችን ወደሚያሳየው ዴስክቶፕ ይሄዳል። የት ላይ እንደተቆረጠ ማወቅ ይቻላል። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ «ሊብኢንፑት ቱልስ» (libinput-tools) የተባለውን ፓኬጅ ይጫኑ፤ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ «ሊብኢንፑት ዲበግ ኢቨንትስ» (sudo libinput debug-events) የሚለውን ትእዛዝ ያስኬዱና ሦስት ጣት ወደ ጎን ይጎትቱ። «ጀስቸር ስዋይፕ» (GESTURE_SWIPE) የሚሉ መስመሮች ከተንጋጉ ታችፓዱም ከርነሉም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ዴስክቶፑ ጋ ነው። ጠቋሚው ብቻ ሲንቀሳቀስ ካዩ ግን ከዴስክቶፑ በፊት ያሉትን ክፍሎች ይመርምሩ። ይኸው ትእዛዝ መጀመሪያ ላይ በሚያወጣው የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ታችፓድ የሚል ጠፍቶ በምትኩ «ፒኤስ ቱ ጀነሪክ ማውስ» ከተጻፈ፣ ከርነሉ ታችፓድዎን እንደ ተራ ማውስ ነው የያዘው። ተራ ማውስ ደግሞ ጣት አይቆጥርም። ያኔ አዲስ ከርነል መሞከር ከፎርማት ይሻላል።

ሙቀቱን፣ ቻርጀሩንና ባትሪውን አለመጠርጠር። እኛ አገር ይሄ ከሁሉ ይበልጣል። ታችፓድ ጣትን የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር በረንዳ ላይ ሲሠሩ ጣትዎ ያልበዋል፤ እርጥበቱ ሁለት ጣትን እንደ አንድ ሊያስቆጥር ወይም የሌለ ጣት ሊፈጥር ይችላል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉትና እንደገና ይሞክሩ። ጠቋሚው ቻርጀር ሲሰካ የሚዘል፣ ሲነቀል የሚረጋ ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩን ወይም ኧርዝ የሌለውን ሶኬት ይጠርጥሩ፤ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም) መቀያየር አያድነውም።

ታችፓዱ ወደ ላይ ካበጠ ወይም ሲጫኑት ጠቅ አልል ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ ሊሆን ይችላል። እባክዎ ተጭነው ሊመልሱት አይሞክሩ። ላፕቶፑን ያጥፉ፣ ቻርጅ አያድርጉት፣ ባትሪውን የሚያውቅ ሰው ያውጣው። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

የድሮ ምክር መገልበጥ። «ሲናፕቲክስ» የተባለውን የቀድሞ ድራይቨር ጫኑ የሚል ምክር አሁንም ይዞራል። ስክሪኑን በሚያስተዳድረው የቆየ ሥርዓት፣ በኤክስኦርግ ላይ ከጫኑት የሊብኢንፑትን ቦታ ይወስድና የሦስት ጣት ምልክቶችን ያሳጣዎታል። ኤክስኦርግን በሚተካው አዲሱ ሥርዓት፣ በዌይላንድ ላይ ደግሞ ምንም አይሠራም። ጭነውት ከሆነ ያስወግዱትና ዳግም ይግቡ።

በኤክስኦርግ ወይስ በዌይላንድ እንደገቡ አለማየት። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ግኖም 40 (ኡቡንቱ የሚጠቀምበት ዓይነት ዴስክቶፕ) ያመጣቸው የሦስት ጣት ምልክቶች የተሠሩት ለዌይላንድ ነው። የይለፍ ቃል በሚጻፍበት ገጽ ጥግ ላይ ባለችው የማርሽ (ጥርስ ያለው ጎማ) ምልክት «ኤክስኦርግ» ተመርጦ ከሆነ ይቀይሩት። ሊኑክስ ሚንት ለሚጠቀም፣ ከስሪት 21.2 ጀምሮ ሲናመን በተባለው ዴስክቶፑ ቅንብር ውስጥ የጣት ምልክቶች አሉ፤ ማብራት ብቻ ነው።

ከእንቅልፍ ሲነሳ ለጠፋ ታችፓድ ማሽኑን ደጋግሞ ማጥፋት። ፒኤስ ቱ በተባለው የቆየ የግንኙነት መንገድ የተገናኘ ታችፓድ ከሆነ «ፒኤስማውስ» (psmouse) የተባለውን የከርነል ሞጁል (የከርነሉን ተጨማሪ ክፍል) ሞድፕሮብ (modprobe) በሚባለው ትእዛዝ ከከርነሉ አስወጥቶ መልሶ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። አይ ስኩዌርድ ሲ በተባለው ሌላ መንገድ የተገናኘ ከሆነ ይህ አይነካውም። ከመጀመርዎ በፊት የዩኤስቢ ማውስ ይሰኩ፤ ሞጁሉ በወጣበት ቅጽበት ታችፓዱ ጨርሶ ይሞታል።