ከስቱዲዮ ውጭ ለሚካሄድ ቀረጻ ሙዚቀኞችን እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

ስቱዲዮ ውስጥ መሣሪያዎች ተለያይተው ሊቀረጹ ስለሚችሉ፣ የተሳሳተው ሰው ብቻውን ተመልሶ ይጫወታል። አዳራሽ ወይም መድረክ ላይ ሁሉም አብሮ ሲጫወት ግን የድራሙ ድምፅ በድምፃዊቷ ማይክ፣ የሳክስፎኑም በፒያኖው ማይክ ይገባል። አንዱ የሳታትን ኖታ በኋላ ከሁሉም ማይክ ለቅሞ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ቀረጻ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ማይክ ከመተከሉ በፊት፣ ልምምድ ላይ ነው።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው

ልምምዱን በስልክም ቢሆን ቅዱትና አብራችሁ ስሙት። ሙዚቀኛ ሲጫወት የማይታወቀው ብዙ ነገር ቁጭ ብሎ ሲሰማ ይታወቀዋል።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ሙዚቃ ፍጥነት በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ለኩና ቁጥሩን ኖታው ላይ ጻፉ። አንዱ የቀረጻ ዙር በደቂቃ በ96 ምት፣ ሌላው በ102 ከተጫወተ የሁለቱን ጥሩ ጥሩ ክፍል ቆርጦ መቀጠል አይቻልም፤ መገጣጠሚያው ጆሮ ይመታል።

ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው ከመሃል መነሳትን መለማመድ ነው። አስቸጋሪ ቦታዎችን ምረጡና ከስህተቱ ቦታ አራት ባር (ሙዚቃው በምት የሚከፈልባቸው እኩል ክፍሎች) ያህል ወደኋላ ተመልሳችሁ፣ በዚያው ፍጥነትና በዚያው ጉልበት ግቡ። ይህን ያልተለማመደ ባንድ ሁልጊዜ «ከመጀመሪያው እንሂድ» ይላል። መግቢያው ደጋግሞ ይቀረጻል፤ መጨረሻው ግን በደከመ እጅ አንድ ጊዜ ብቻ።

ለድምፅ ባለሙያውም ማን ምን እንደሚጫወት፣ ማን እንደሚዘፍንና ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ ዝርዝር አስቀድማችሁ ላኩ።

ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው

የጊታርና የቫዮሊን ክር የሚቀየረው አሁን እንጂ በዕለቱ አይደለም። አዲስ ክር እስኪረጋ ድረስ እየተሳበ ቅኝቱ ይወርዳል። የድራም ቆዳም እንዲሁ። የክላርኔትና የሳክስፎን ተጫዋቾች የተሞከሩ ሁለት ሦስት ሪዶች (አፍ ላይ የሚገጠሙ፣ ሲነፉ ድምፅ የሚፈጥሩ ስስ ቁራጮች) ይያዙ። የሚንጫጫ ፔዳልና የሚያቃስት ወንበር ካለ አሁኑኑ ይስተካከል፤ ለስላሳ ሙዚቃ ላይ ማይኩ ሁሉንም ይሰማል።

በዕለቱ

ሙዚቀኞች የሚንኳኳ ጫማ፣ አምባርና የሚንኮሻኮሽ ልብስ አያድርጉ። ስልክ ድምፁን መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝ ኬብል ውስጥ ጩኸት ሊፈጥር ስለሚችል ይጥፋ።

መሣሪያዎች ከቀረጻው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድመው አዳራሹ ውስጥ ይቀመጡ። የቀዘቀዘ የትንፋሽ መሣሪያ ቅኝቱ ዝቅ ይላል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይወጣል። ሁሉም በአንድ መነሻ ይቃኝ፤ የተለመደው «ላ» (A) የተባለውን ኖታ በ440 ኸርዝ መቃኘት ነው፣ ፒያኖ ካለ ግን የሚታዘዙት ለፒያኖው ነው።

ሳውንድ ቼክ (ከቀረጻው በፊት የሚደረገው የድምፅ ፍተሻ) ላይ በጣም ጮክ የሚለውን ክፍል በሙሉ ጉልበት ተጫወቱት። ብዙ ሰው እዚያ ራሱን ይቆጥብና ቀረጻ ሲጀመር ስሜቱ ሲነሳ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ባለሙያው በሰማው ልክ ያስተካከለው መጠን ያኔ ያልፍና ድምፁ ይሰነጠቃል። ይህን ሚክሲንግ (ከቀረጻ በኋላ ድምፆችን ማመጣጠን) አይጠግነውም።

ቀረጻው ሲጀመር

ከባዱን ሙዚቃ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ አታድርጉት። እጅ ሲፍታታና ሰው ሳይደክም፣ መሃል ላይ ይሁን። ለመለከት ተጫዋችና ለድምፃዊ ይህ ቅደም ተከተል ከማንም በላይ ወሳኝ ነው፣ ከንፈርና ጉሮሮ በእረፍት እንጂ በብርታት አይመለሱምና።

የመጀመሪያው ዙር እንዳለቀ ሁሉም ሄዶ ይስማው። እዚያ የሚጠፋው ጊዜ በኋላ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ስህተት ሲፈጠር ማንም እጁን አያንሳ፣ «ውይ» አይበል። ተመልካች ካለ ሙዚቃው ይቀጥላል። ከሌለ ደግሞ የማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ይህንንም አስቀድማችሁ ተስማሙበት። የመጨረሻው ኖታ ካለቀ በኋላ ባለሙያው ምልክት እስኪሰጥ ማንም አይንቀሳቀስ፤ የአዳራሹ ማስተጋባት የሙዚቃው አካል ነው፣ በወረቀት ኮሽታ ከተቆረጠ ዙሩ ሊበላሽ ይችላል።

አንድ ሰው የትኛው ዙር የት ላይ ጥሩ እንደነበር ኖታው ላይ እየመዘገበ ይከታተል። ሙዚቀኞቹ ከመበተናቸው በፊት እያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ አንድ ንጹሕ ዙር እንዳለው ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር፤ የጎደለ ካለ ማይኮቹ ቦታቸውን ሳይለቁ እዚያው ይደገም።