የመልሱን ጉዞ አስቀድሞ መዋዋል፦ የሁለትዮሽ የኪነ ጥበብ ልውውጥ ከአዲስ አበባ ሲዘጋጅ

ከውጭ አገር የባህል ተቋም ወይም ኤምባሲ ጋር ልውውጥ ለማድረግ የሚያስብ የአዲስ አበባ የሙዚቃ፣ የቴአትር፣ የውዝዋዜ ወይም የሥዕል ቡድን ከሁሉ አስቀድሞ ሊነጋገርበት የሚገባው የመልሱ ጉዞ ነው። እንግዳው መጥቶ ሥራውን አሳይቶ ከተመለሰ በኋላ «የእናንተ ተራ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት» የሚባለው ተስፋ፣ ቀን ካልተቆረጠለትና ገንዘብ ካልተያዘለት በአብዛኛው ተስፋ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ ጉዞዎች በአንድ ውልና በአንድ በጀት ተጠቃልለው በአንድ ቀን ይፈረሙ።

አዲስ አበባ የጥቂት ቀናት ጉብኝትንም የዓመታት ግንኙነትንም አይታለች። አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ መጥቶ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሲገናኝና ከንጉሠ ነገሥቱ ሜዳልያ ሲቀበል ታላቅ ክብር ነበር፤ ነገር ግን ጉብኝት ነበር። የሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ባንድ ግን ኢትዮጵያ መጥቶ ከተጫወተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሳክስፎኒስቱን ጌታቸው መኩሪያን ወደ አምስተርዳም ጋብዞ የእርሱን ዜማዎች አጥንቶ ከእርሱ ጋር ለዓመታት ሠርቷል። በዚህ ግንኙነት አስተማሪው የእኛው ሰው ነበር። የውጭው አጋር ለቡድናችሁ «ሥልጠና እንሰጣችኋለን» ብሎ ሲመጣ፣ እናንተ የምታስተምሩት ምን እንደሆነ በዚያው ሰነድ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ።

የትኛው ወገን ይቅደም ለሚለው፣ በእኔ አስተያየት እንግዶቹ ቀድመው ቢመጡ ይሻላል። የመጀመሪያው ምክንያት የወቅት ነው። የአውሮፓ የበጋ ፌስቲቫሎች የሚካሄዱት እኛ ክረምት ላይ ሆነን የውጭ መድረክ በማይታሰብበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። እንግዶቹ በጥቅምት ወይም የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት በኅዳር መጀመሪያ ቢመጡ፣ የእኛ ሰዎች ደግሞ በሰኔ ቢሄዱ ሁለቱም በየአገሩ የሞቀ ወቅት ላይ ይደርሳሉ። ሃምሳ አምስቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ለልምምድ መጠቀም ይቻላል፤ የአዝማሪ ቤት ምሽት ለእንግዳ ለማሳየት ግን አይመቹም።

ሁለተኛው ምክንያት ቪዛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በወሰደው እርምጃ የኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግል ቪዛ) ማመልከቻ የሚታይበትን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት አራዝሟል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥም ወስኗል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ሲቀር ጀምሮ ማስገባት ስለሚፈቀድ፣ በጥቅምት በጋራ የተሠራ ሥራ ካለ ፖስተሩ፣ ውሉና ፎቶግራፉ ለሰኔው ጉዞ ማስረጃ ሆነው ይቀርባሉ። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ፓሪስ ተጫውቶ፣ ለንደን ደርሶ፣ ወደ በርሊን መመለስ አይቻልም፤ ለንደን ካለበት (የእንግሊዙ ቪዛ ለብቻው ነው) በጉዞው መጨረሻ ይደረግ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ያጸደቀችው የ2005ቱ የዩኔስኮ የባህል አገላለጾች ብዝኃነት ስምምነት በአንቀጽ 16 ያደጉ አገሮች ለታዳጊ አገሮች አርቲስቶች ልዩ አስተያየት እንዲያደርጉ ይጠይቃል። ይህን አንቀጽ መጥቀስ ቆንስሉን አያስገድደውም፤ ነገር ግን አጋራችሁ ከአገሩ የባህል ሚኒስቴር የድጋፍ ደብዳቤ ለመጠየቅ ጥሩ መነሻ ይሆነዋል።

ቀኖች በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፤ ሰዓትም እንዲሁ፣ አለዚያ «በ3 ሰዓት» የተባለው እንግዳ ከምሳ በኋላ ይመጣል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ተወዛዋዦችና የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከባድ ልምምድ አይያዝላቸው።

ልምምዱ በኤምባሲ ግቢ ብቻ ተወስኖ እንዳይቀር፣ በስድስት ኪሎና በአምስት ኪሎ አካባቢ ያሉት የያሬድ ሙዚቃና የዓለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች፣ እንዲሁም ፒያሳ ያለው አገር ፍቅር ቴአትር አስቀድሞ በደብዳቤ ይጠየቁ። በሙዚቃ ሥራ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ማንን ይከተላል የሚለው ነው። መሰንቆ ተጫዋቹ የፈረስ ጭራውን የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ በቆዳ የተለበጠው ሣጥኑ በእርጥበት ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲደርቅ ይወጣል። ኪቦርድ ግን ካለበት አይነቃነቅም። አንቺሆዬ የተባለውን ቅኝት በኪቦርዱ ድምፅ ልክ አስገድዶ ከማስገባት፣ እንግዶቹ የመጀመሪያውን ቀን ያለ ኪቦርድ ቅኝቱን በማዳመጥ ቢያሳልፉ ይመረጣል።

በገንዘብ በኩል፣ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ ይሁን፤ ሊለያይ የሚገባው እንደ ከተማው ኑሮ የሚሰላው ውሎ አበል ብቻ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ የአየር ትኬትና የቪዛ ወጪ በብር ሳይሆን በዩሮ ወይም በዶላር ይያዝ። ውሉ ውስጥ የሚከተለውን የመሰለ አንቀጽ ይግባ፦ «ሁለተኛው ጉዞ በቪዛ መከልከል ወይም በሌላ ምክንያት ቢስተጓጎል፣ ለእርሱ የተያዘው ገንዘብ ለሌላ ሥራ ሳይውል ለአዲስ አበባው ቡድን ጉዞ ለ18 ወራት ተይዞ ይቆያል።» አጋሩ በዚህ አንቀጽ ላይ ብዙ ከተከራከረ፣ የልውውጡን ነገር እንደገና ማሰብ ይገባል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም (ለዘፋኞችና ለተጫዋቾች) መብት ስለሚሰጥ፣ ከአንድ አዝማሪ የተቀዳ ዜማ «ባህላዊ» ተብሎ ብቻ አይመዝገብ፤ የከዋኙ ስምና ፈቃድ ይያያዝ፣ የቀረጻውም ሙሉ ቅጂ አዲስ አበባ ይቅር።

የእንግዶቹ መሣሪያዎች በጊዜያዊነት የሚገቡ ዕቃዎች ተብለው ከጉምሩክ ጋር አስቀድሞ ይጠየቅባቸው። ከእኛ ወገን የቆየ የሚመስል መስቀል፣ የብራና ጽሑፍ ወይም ያረጀ በገና ይዞ መውጣት የሚፈልግ ቡድን ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከቅርስ ባለሥልጣን ማግኘት አለበት፤ ይህም የጉዞው ሳምንት እስኪደርስ አይጠበቅም። የእያንዳንዱን ዕቃ ፎቶግራፍና መለያ የያዘ ዝርዝር በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ከተጓዡ ጋር፣ አንዱ ከአጋሩ ዘንድ፣ አንዱ ቢሮ ይቀመጥ።